ቃል የማይቀማው መጋቢ

ጋሼ ሐራጅ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ሰምተው አያውቁም። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ጨረታ ማጫረት ስለነበረ ነው። አሮጌ ቁም ሣጥን፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ከተዘጋ ሆቴል የወጣ ምንጣፍ ፊታቸው ይደረደራል። እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው "አንደኛ! ሁለተኛ!" ይላሉ፤ ገዢው ልቡ አመንትቶ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዕቃው ተሸጦ ጋሪ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛውን ተዉት፤ ምላሳቸው ግን አብራ ጡረታ አልወጣችም። ባለቤታቸው "ዛሬ..." ስትል፣ "ዛሬማ ደመና ነው፤ ልብሱን አስገባዋለሁ" ብለው ይነሣሉ። ልትል የፈለገችው ስለ ልብሱ ይሁን ስለ ሌላ ሳይታወቅ ይቀራል። ጠባያቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ብቻ አያውቁም።

ባለቤታቸውን ልጅ አዋቂው "እቴቴ" ይላታል። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። "የሌላውን ወሬ ሳገናኝ አረጀሁ፤ የእኔን የሚያገናኝ ግን አላገባሁም" ብላ ትቀልዳለች። ይህን ቀልድ እንኳ እሷ ትጀምረዋለች እንጂ የሚጨርሱት ጋሼ ሐራጅ ናቸው፤ በራሳቸው ላይ በተቀለደው እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

እኚህ ሰው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወደሆኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያ መጋቢ የመጣው። የቀድሞው አገልጋይ ዓርፈው መድረኩ ባዶ ሆኖ ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ ከየቦታው የተላኩ ስብከቶችን ሲያነቡ ሰነበቱ። በመጨረሻ የእሱን አነበቡ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ጥርስ ሐኪሙ ሽማግሌ ሳይቀር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠራረገ። ሰውየው እንዲመጣ በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ወረቀት መቼ ይንተባተባል!

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ፈላ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋ ያለ ሰው መድረኩ ላይ ወጣ፤ አፉን ከፈተና "ም... ም... ም..." ብሎ ቆመ። ዓይኖቹን ጨፈነ፣ አገጩ ተቆለፈ፣ የቀኝ እጁ ጣቶች የመድረኩን ጠርዝ ያዙ። ሰው ተሳቀቀ። እናቶች መሬት መሬት አዩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ጋሼ ሐራጅ ግን ዕቃ ወድቆ ሲያዩ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ "ምሕረት!" ብለው በጨረታ ድምፃቸው አቀበሉት። አዳራሹ እፎይ አለ። መጋቢው አልተቀበለም። ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ፣ ቆየና "ም... ምድር" አለ። ስለ ምድር ነበር የሚሰብከው። ስብከቱ ሲያልቅ ሰዓቱ ስለ ሄደ ግማሹ ምእመን ሆዱ ይጮህ ነበር።

በር ላይ ሲሰነባበቱ መጋቢው የጋሼ ሐራጅን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። "ጋ... ጋሼ፣ ቃል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ግ... ግን የእኔ አልነበረም" አላቸው። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ጋሼ ሐራጅ መልስ አላጡም፤ "ልጄ፣ ቃል እንደ ቲማቲም ነው፤ ቶሎ ካልሸጥከው ይበላሻል" አሉት። ቤት እስኪደርሱ ግን ውስጣቸው ሲብሰለሰል ዋለ። እርዳታቸውን የመለሰባቸው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ መጋቢ የሙከራ ዓመት አለው። ዓመቱ ሲሞላ ምእመን ሁሉ በየተራ እየተነሣ በገዛ አፉ "ይቆይ" ወይም "ይሂድ" ይላል። እጅ ማውጣት የለ፣ ወረቀት የለ። የጥንቶቹ መሥራቾች "አገልጋይ የሚያባርር ሰው የራሱን ድምፅ ይስማ" ብለው የደነገጉት ነው። ወራቱ እየገፋ ሲሄድ የምእመኑ ልብ ተከፈለ። ጥርስ ሐኪሙ "ሰውየው ቅዱስ ነው፤ ግን ስብከቱ ሳያልቅ ልጆቻችን ያድጋሉ" ይላል። አንዳንዱ "በጥንት ጊዜ ኮልታፋ ነቢይ ነበረ" ብሎ ሲከራከር፣ ጋሼ ሐራጅ "እሱማ የሚናገርለት ወንድም ነበረው፤ ለእኛው ወንድም ብንቀጥርለት ደመወዙን ማን ይክፈል?" ብለው ያስቃሉ። የሰብሳቢው ቃል ብዙ ሰው ይጎትታል፤ የሳቸው ደግሞ "ይሂድ" እንደሆነ ማንም የሚጠራጠር አልነበረም።

በዚህ መሐል ነው እቴቴ የወደቀችው። ጠዋት ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር፤ ካውያው ሸሚዙን ሲያቃጥል ሽታው ጋሼ ሐራጅን ከጓሮ ጠራቸው። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ አይታዘዝም፣ አንደበቷም ተሳስሯል። ሐኪሟ ግን ልባቸው እንዳይቆረጥ አጥብቃ ነገረቻቸው። "ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ትረዳለች። የተጎዳው ከአእምሮዋ እስከ ምላሷ ያለው መንገድ ነው። ቃሏ ውስጧ አለ። መሞከር ካቆመች ግን ያለውም ይጠፋባታል፤ አደራ፣ ትሞክር።"

ጋሼ ሐራጅ አደራውን እንዴት እንደተወጡት ይኸውላችሁ። ከአልጋዋ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። እቴቴ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ስትጀምር ከወንበራቸው ይዘላሉ። "ውሃ? ውሃ ነው አይደል! ትራሱ ነው? መስኮቱን ልክፈተው? ልዝጋው? ልጃችንን ልጥራት?" ውሃው ይመጣል፣ ትራሱ ይገለበጣል፣ መስኮቱ ይከፈታል ይዘጋል። እሷ ግራ እጇን አንሥታ ታወርዳለች። ጠያቂ ጎረቤቶችም ጆሮዋ የደነቆረ ይመስል እየጮኹ ያናግሯታል፤ አፏን ስትከፍት አብረዋት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቃል እየመረጡ ያጎርሷታል። ሁሉም በፍቅር ነው። ከሳምንታት በኋላ እቴቴ ሙከራውን ተወችው። ውሃ ሲሰጧት ትጠጣለች፣ ሲያገላብጧት ትገላበጣለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። የጋሼ ሐራጅ ወሽመጥ ተቆረጠ። ሚስታቸው እዚያው ፊታቸው እያለች ትሄድባቸው ጀመር፤ በምን እንደሚመልሷት አያውቁም።

መጋቢው የመጣው ያን ሰሞን ነው። በሩን የከፈተችለት ባንክ የምትሠራው ልጃቸው ናት። ጋሼ ሐራጅ ደስ አላላቸውም፤ "አንድ ዲዳ አይበቃንም ወይ" የሚል ክፉ ሐሳብ በልባቸው አለፈና ራሳቸው አፈሩበት። መጋቢው ኮቱን አውልቆ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለ። ሌላው ጠያቂ ኮቱን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እሱ ያልጋውን ዙሪያ አይቶ፣ ረጅሙን ወንበር ትቶ ልጅቷ ጫማ የምታደርግበትን ዝቅተኛ መቀመጫ ሳበ፤ ጤነኛው እጇ ባለበት በኩል፣ ዓይኑ ከዓይኗ ትይዩ እስኪሆን ወርዶ ተቀመጠ። መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው እንጂ አልከፈተውም። ከዚያ ምንም ሳይል ቀስ ብሎ አንድ የቆየ መዝሙር ማዜም ጀመረ። ሲዘምር አይንተባተብም! ቃሉ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው የሚወርደው።

ጋሼ ሐራጅ ወጥ ቤት ሆነው ሁለተኛ ድምፅ ሰሙ። ያ ድምፅ የእቴቴ ነው። ቃሉን ከነግጥሙ፣ አንድም ሳታጎድል፣ እየተንቀጠቀጠች ትዘምራለች። ሮጠው ገቡ። "ተናገረች! ተናገርሽ! በይ ንገሪኝ፣ ምን ላምጣልሽ? ስሜን ጥሪኝ!" እቴቴ አፏን ከፈተች። "እ... እ..." ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ዜማው ሲቆም ቃሉም አብሮ ቆመ። ያን ቀን እቴቴ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ጋሼ ሐራጅ መጋቢውን ኮሪደር ላይ ያዙት። እሳት ጎርሰዋል። "ሚስቴን እንደ ሬዲዮ ትከፍትና ትዘጋታለህ? ይሄ ነው አገልግሎት?"

መጋቢው ራሱን አልተከላከለም። "እ... እውነትዎን ነው" አለ። "መዝሙሩ የሌላ ሰው ቃል ነው። እ... እሳቸው የራሳቸው አላቸው። ከፈቀዱልኝ፣ ነ... ነ..."

"ነገ ትመጣለህ፤ ገባኝ፣ ና" አሉ ጋሼ ሐራጅ። ተቆጥተውም ቢሆን ቃሉን ነጥቀውታል።

በማግስቱ መጣ። ትናንት በመጣበት በዚያው ሰዓት መጣ። ኮቱን ሰቀለ፣ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ "እ... እንዴት አደሩ፣ እቴቴ?" አለና ጠበቀ። እቴቴ ፊቷን ከግድግዳው አላነሣችም። ጋሼ ሐራጅ "ደህና አድራለች፣ ሌሊቱን ትንሽ..." ሲሉ መጋቢው ቀና ሳይል መዳፉን በቀስታ ወደሳቸው አነሣ። በገዛ ቤታቸው! ለመቶ ሰው የሚበቃ ቁጣ ጉሮሯቸው ላይ ደረሰ፤ ዋጥ አድርገው ወጥ ቤት ገቡ። አንዱን ኩባያ ደጋግመው እያጠቡ ጆሯቸውን ጣሉ። ከክፍሉ ምንም አይሰማም። በጨረታ ቤት ዝምታ ማለት ዕቃው ከሰረ ማለት ነው። ሰውየው ተነሥቶ ሲሄድ "ነ... ነገ ደግሞ እጠይቅዎታለሁ" ሲል ሰሙት።

ቀናት እንዲህ አለፉ። እየቆየ ጋሼ ሐራጅ ሳያስቡት በበሩ ክፍተት ማየት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲገምቱ የኖሩ ናቸው፤ ዓይናቸው ስፌትና ብሎን ይለያል። ይህን ሰው ገመቱት፣ ገመቱት፤ ዋጋ ሊያወጡለት አልቻሉም። የግድግዳውን ሰዓት አያይም። ራሱን እየነቀነቀ አያጣድፋትም። ደግ ፊት ለማሳየት አይታገልም። እንቅልፍ እንዳይሉት ዓይኑ ንቁ ነው፤ ትዕግሥት እንዳይሉት የሚታገሰው ሸክም የለበትም። ሰው ባቡር የሚጠብቀው መምጣቱን አውቆ አይደል? እሱም ቃሏ እንደሚመጣ እንደሚያውቅ ሰው ተቀምጧል። ጋሼ ሐራጅ ያን ያህል የተጠበቀ ሰው በሕይወታቸው አላዩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እቴቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። መጋቢው እንደ ልማዱ ጠይቆ ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ፈ..." አለች። ቆመች። አንገቷ ላይ ሥሯ ተገተረ። ጋሼ ሐራጅ በበሩ ወዲያ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቃል በቃል ላይ ይረባረባል። ፈሳሽ! ፍራሽ! ፍሬ! መጋቢው አልተንቀሳቀሰም። እሷም ተወችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ እሱ አልተወም። ደግማ ከፈተችው። ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ። ደግማ ተወችው። ከውጭ የሚያልፍ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ጎረቤት ልብስ ስታራግፍ ተሰማ፣ ዓለም እንደ ወትሮው ትቸኩላለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሴት ተራራ ትወጣለች፤ አንድ ሰው ደግሞ ሳይገፋትና ሳይጎትታት አብሯት ይወጣል።

"ፈ... ራሁ" አለች እቴቴ።

ጋሼ ሐራጅ ክው አሉ። ውሃ አልነበረም። ትራስ አልነበረም። መስኮቱም አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ሊያመጡት የሚችሉትን ዕቃ ብቻ ሲገምቱ ኖረዋል።

አሁን መጋቢው "አይዞዎት፣ አይፍሩ" ይላል ብለው ጠበቁ፤ የመጋቢ ሥራ ይኸው አይደል? እሱ ግን ቃሏን እንደ ስጦታ በሁለት እጁ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ አለ። "ሰ... ሰማሁ" አለ። ቀጥሎም "ይ... ይህንን ለማን ነግረውታል?" ብሎ ጠየቃት፤ ደግሞ ጠበቀ።

ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ዘገየ። ሲወጣ ግን ከነምሬቱ፣ ከነቀልዱ፣ የድሮዋ እቴቴ ራሷ ነበረች። "ማን... ማን ጠብቆኝ!"

ጋሼ ሐራጅ በጓሮ በር ወጥተው የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሙ። አንድ ሰዓት እንኳ ብቻዋን ትተዋት አያውቁም። ሲተኙም ወንበር ላይ፣ እጃቸውን አልጋዋ ላይ ጥለው ነው። እሷ ግን ፍርሃቷን ይዛ እዚያው አጠገባቸው ብቻዋን ሰነብታለች። ምናልባትም ከመታመሟ በፊት ጀምሮ፣ ከተጋቡ ጀምሮ። ሽማግሌው አጫራች በተሰጣው አንሶላ ተከልለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

መጋቢው ሲወጣ በሩ ላይ አገኛቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አላፈሩበትም። "እንዴት ነው የምታደርገው?" አሉት። "ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩህ?"

"ት... ትምህርት ቤትማ መናገር ነው ያስተማሩኝ" አለ እየሳቀ። "እናቴ በጣም ትወደኝ ነበር፣ ጋሼ። ሱቅ ስንሄድ ትናገርልኛለች፣ ዘመድ ሲመጣ ትናገርልኛለች። በ... በ..."

"በፍቅር አፍህን ዘጋችው!" አሉ ጋሼ ሐራጅ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አፋቸውን ያዙ።

"አዎ" አለ መጋቢው። "ይ... ይሄኛው የእኔው ነበር፤ ልክ አግኝተዋል።" ሁለቱም ሳቁ። "ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ ነበረ። እሱ ዘንድ ስሄድ መርፌውን አስቀምጦ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እ... እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎልኝ አያውቅም ነበር። ሰው መሆኔን ያወቅሁት እዚያ ነው። መጋቢ የሆንኩትም ለመስበክ አልነበረም፤ ስብከቱ የመጣው ኋላ ነው። እንደዚያ ሰውዬ ሆኜ መቀመጥ ስለፈለግሁ ነው።" ይህን ለመናገር የፈጀበት ጊዜ ሌላ ሰው ሦስት ታሪክ የሚያወራበት ነው። ጋሼ ሐራጅ ግን በሩን ደገፍ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ የሰሙት ሁሉ ሳይሆን መስማታቸው ራሱ ገረማቸው።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ዝቅተኛው መቀመጫ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሳቸው በየቀኑ ሲያፈሱና ሲለቅሙ ከረሙ። ምላሳቸው አልታዘዝ ሲል የታችኛውን ከንፈራቸውን በጣታቸው ቆንጥጠው ይይዛሉ። ልጃቸው "አባዬ፣ ከንፈርህን ነቅለህ እንዳትጥለው" ብላ ትስቅባቸዋለች። የመጀመሪያው ሙሉ ንግግር ለሳቸው የተነገረው አንድ ጠዋት ሻይ ሲያቀርቡ ነው። እቴቴ ኩባያውን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ ብዙ ታግላ "ወተት... አልወድም" አለች። ከተጋቡ ጀምሮ ሳይጠይቋት ነው ወተት የሚጨምሩት። ጋሼ ሐራጅ "ለምን እስከ ዛሬ..." ብለው ጀመሩና መልሱን ስላወቁት ዋጡት። ሻዩን ደፍተው ሌላ ቀዱ።

ዓመቱ ሞላ። የድምፁ እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። መጋቢው እንደ ደንቡ ወጥቶ ወንበርና መጥረጊያ ወደሚቀመጥባት የጓሮ ክፍል ሄደ። ጋሼ ሐራጅ ሰብሳቢ ናቸውና መድረኩ ሥር ቆሙ። የሰብሳቢ ድምፅ መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ማግባባት ክልክል ነው። ሰው ከኋላ ወንበር ጀምሮ ይነሣ ጀመር። ይሂድ። ይቆይ። ይሂድ። ይሂድ። "ቅዱስ ሰው ነው፤ ግን አልሰማውም" የሚሉ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። አብዛኛውን ለዚህ ያደረሱት ደግሞ ራሳቸው ጋሼ ሐራጅ ናቸው፤ እያንዳንዱ "ይሂድ" የሳቸው ቀልድ ተመልሶ ሲመጣ ነበር። "ይሂድ" እየበዛ መጥቶ ተራው ከመሐል ረድፍ ደረሰ። ልጃቸው የእናቷን ተሽከርካሪ ወንበር ወደ ፊት ገፋች።

እቴቴ ቀና አለች። አፏን ከፈተች። አልመጣም።

ጥርስ ሐኪሙ ከልቡ አዝኖ ተነሣ። "ጋሼ፣ ለምን ትቸገራለች? እርስዎ ይናገሩላት፤ የእርስዎ የእሷም አይደል።" ከየአቅጣጫው "እውነት ነው፣ እውነት ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ሐራጅ ዞረ። አንድ ቃል ቢናገሩ ሁለት ድምፅ ነው፤ መጋቢው ምናልባት ይድናል። ቃሉን ያውቁታል፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው።

"አፍ አላት" አሉ ጋሼ ሐራጅ። "እንጠብቃለን።"

እና ጠበቁ። መጀመሪያ ሰው ተቁነጠነጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበር ተንጫጫ። ከዚያ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በጸሎትም ሰዓት ኖሮ አያውቅም። እቴቴ ትጀምራለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ሕፃናት ሳይቀሩ አፋቸውን ዘግተው ያይዋታል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ቆመ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ለምን እንደቆሙ አያውቁትም፣ ብቻ መቀመጥ ነውር መሰላቸው። ጋሼ ሐራጅ አዩ፤ አንዲት ቃል ለመስማት ያ ሁሉ ሕዝብ እስትንፋሱን ይዞ ቆሟል፤ ማንም ቃል አያቀብላትም። መጋቢው አንድ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ሲሰብክ የነበረው ይህንን ነው፤ እነሱ ግን ስብከቱ እስኪጀምር ሲጠብቁ ነበር።

"ይ... ይቆይ" አለች እቴቴ።

ማንም አላጨበጨበም። ቀጣዩ ሰው ተነሣ፤ ሲነሣ አስቦት የመጣውን ቃል ትንሽ ፈልጎ አጣውና "ይቆይ" አለ። ከዚያ ወዲያ "ይቆይ" በዛ፤ ሁሉም ግን አላለም። ጥርስ ሐኪሙ እንባው እየወረደ "ይሂድ" አለ፤ ሕሊናው የነገረውን ነው የተናገረው፤ ማንም አልጠላውም። ጸሐፊዋ ስትደምር "ይቆይ" ለጥቂት በለጠ። ጋሼ ሐራጅ የራሳቸውን ድምፅ ጨመሩበትና መድረኩን ለሌላ ሽማግሌ ትተው ወጡ፤ ይህን ወሬ ሌላ ሰው እንዲያደርስ አልፈለጉም።

መጋቢው የጓሮዋ ክፍል ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ዝምታ በግድግዳው በኩል ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሼ ሐራጅን ሲያይ ወደፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። "ጋ... ጋሼ፣ እ... እ..." አለና ተያዘ። ዓይኑ ተጨፈነ፣ አገጩ ተቆለፈ።

ጋሼ ሐራጅ ጥያቄውን ያውቁታል። ማን አያውቀውም? መልሱ ምላሳቸውን ያቃጥላቸዋል፤ በአንድ ቃል ይህን ምስኪን ከጭንቁ ሊገላግሉት ይችላሉ። ከንፈራቸውን ቆነጠጡ። ፀሐይ ላይ፣ አሮጌ ወንበሮች በተደረደሩበት ጓሮ፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆሙ። ቃሉ እስኪመጣ ድረስ አጫራቹ ጠበቁ።

"እ... እቴቴ ራሳቸው ተናገሩ?" አለ መጋቢው።

ጋሼ ሐራጅ የጠበቁት ጥያቄ ይህ አልነበረም። "ራሷ ተናገረች" አሉ። "እኔ ምንም አላልኩም። ራሷ ናት።"

መጋቢው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሳቀ። ይቆያል መባሉን የነገሩት ከዚያ በኋላ ነው።